ቀጠና ሰባትና የለመደ እጄ

ሰኞ፣ መስከረም 27

ወንድሜ ቀጮ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ ቀኝ እጄ ብቻ ነው ያበደው።

ካርታው ለምን ሁለት ቀን ዘገየ ብለሃል። አትቆጣ እንጂ እነግርሃለሁ። የቢሮው ኮምፒውተሮች በሙሉ ተቀየሩ። ማሽኑ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ሌላ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንዱ ሠርቼ አሁን በሌላው፤ የገዛ ቤቴ ገብቼ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቀይሮ ያገኘሁት ያህል ነው። መስኮት መዝጊያው በቀኝ ነበር፣ ወደ ግራ ሄዷል። በትንሿ ጣቴ የምጫነው ቁልፍ አውራ ጣቴ ሥር ገብቷል። ገጹን ወደ ታች ስስበው ወደ ላይ ይሮጣል። ኮፒ አደረግሁ እያልኩ ስንት ጊዜ ባዶ እጄን እንደቀረሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ጀማሪዎቹ በሁለት ቀን ለመዱት። እነሱ የሚረሱት ነገር የላቸውማ።

የኮምፒውተር ባለሙያዋ የሦስት ቀን ሥልጠና ሰጥታ ነበር። አልገባሁም። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ፤ እሷ ዳዴ ስትል እኔ ካርታ አትም ነበር። ሥራ በዛብኝ ብዬ ቀረሁ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ፣ «ከአዲሱ ጋር መሄድ ላቃተው መጋዘን ውስጥ ቦታ አለ» አለ። ለሁሉም ነው የተናገረው፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። መጋዘን ማለት የራስ ቁርና ቦት ጫማ መቁጠር ነው። እኔን እዚያ ከከተተኝ ያንተን እግር ማን እንደሚጠብቅልኝ አላውቅም። ፈንጂ መሀል የሚውል ወንድም ያላት ሴት ካርታውን ለማንም አትሰጥም።

አንተ ግን አትስጋ። ዋናውን ሥራ እጄ ያውቀዋል። ቅዳሜ ፍላሻችሁ ሲመጣ ፈንጂ የት እንደተጠረጠረ የሚመዘግቡትን የሳምንቱን ቅጾች የያዘውን «ቀጠና ሰባት» የሚለውን ፎልደር እይዝና ዋናው «ቀጠና ሰባት» ላይ እጥለዋለሁ። ማሽኑ በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ልቀጥል ወይ ይላል፤ ቀጥል እለዋለሁ። አለቀ። አዲሱም እንደዚያው ይጠይቀኛል።

በአዲሱ ሲስተም የሠራሁት የመጀመሪያው ካርታ ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር። እንደ ወትሮው ቀዩ ፈንጂ የተቀበረበት ወይም የተጠረጠረ ነው፤ ነጩ ክፉ ወሬ ያልተሰማበት።

ካልሲ ልኬልሃለሁ። የበፊቶቹን ለማን እንደሰጠህ አልጠይቅም።

እህትህ


ሐሙስ፣ መስከረም 30

እትዬ፣

እንደምን አለሽ? ካልሲው ደርሶኛል። የበፊቶቹ ያው እንደገመትሽው ነው።

ጉልበቴ ደህና ነው፤ መነኩሴ ሳልሆን ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ እየዋልኩ ደህና ከተባለ። ስለ እንቅልፌም ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ እተኛለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንቅልፍ የማይነሣኝ ሰው እንደሆንኩ ታውቂያለሽ።

ካርታው ትናንት ደረሰ። እንዴት ንጹሕ ነው! ጓዶቼ ሲያዩት ደስ አላቸው፣ በተለይ ከድንኳናችን እስከ ምንጩ ድረስ ያለው፣ ከደረቁ ቦይ ጎን ያለው መሬት ነጭ ሆኖ መምጣቱ። እስካሁን ውሃ የምንቀዳው ኮረብታውን ዞረን ነበር፤ መሄጃው ብቻ አርባ ደቂቃ። አሁን አሥር አይሞላም። ውሃ ቀጂያችን ዛሬ አራት ጊዜ ተመላልሶበት እናንተን በሙሉ መረቀ። ይህን ሰውዬ ብታይው ትወጂዋለሽ። የአራት ልጆች አባት ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ግን ሲዘፍን ነው የሚውለው።

እኔ መሬቱ ቀይ እንደነበር ትዝ ይለኝ ነበር። ጡብ ሠሪው ሽማግሌ፣ «ወታደሮች ሲቆፍሩ አይቻለሁ» ያለን በዚያ በኩል አልነበረም? አለቃችንን ጠየቅሁት። «በክረምቱ ሌላው ቡድን አጽድቶት ይሆናል» አለኝ። ይሆናል። አንቺ ነጭ ካልሽው ነጭ ነው፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ መስመር ስታዛንፊ አላየሁም።

ከእጅሽ ጋር ታረቂ።

ታናሽሽ


ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቀጮዬ፣

ደብዳቤህ ቅዳሜ ደርሶኛል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

በቦዩ ጎን አትሂድ። እባክህን። ኮረብታውን ዙር፤ አርባ ደቂቃ ምንም አይደለም፣ እግርህ ለምዶታል።

ምናልባት ከንቱ ስጋት ይሆናል። ደብዳቤህን እንዳነበብኩ የቀጠና ሰባትን ፎልደር ከፍቼ ቅጾቹን ቆጠርኩ። ከሁለት መቶ በላይ መሆን ነበረባቸው። የማየው አሥራ አንድ ነው፣ እሱም ባለፈው ሳምንት ከእናንተ የመጣው ብቻ። ካርታው ደግሞ የሚሣለው እዚያ ካሉት ቅጾች ነው፤ ቅጽ የሌለው መሬት ነጭ ይሆናል። የጡብ ሠሪውን ቃል የያዘውን ቅጽ በስሙ ፈለግሁት፤ የለም አለኝ። ይሄ ሲስተም ነገር የት እንደሚያኖር ገና አልገባኝም። አንድ ቦታ መቀመጣቸው አይቀርም። ትናንት እሑድ ቢሮ ገብቼ ስፈልግ ዋልኩ።

ባለሙያዋን ልጠይቃት ቤቷ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። እሷን ከጠየቅሁ ለኃላፊው መድረሱ ነው፤ ለኃላፊው ከደረሰ መጋዘን መውረዴ ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ራሴ አገኘዋለሁ፤ ትክክለኛውን ካርታም በሚቀጥለው መኪና እልክልሃለሁ።

ለማንም አትናገር። አንተ ብቻ በኮረብታው ሂድ።

እህትህ


ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

እትዬ፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፤ ወደ ነገሩ ልግባ።

ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ደረሰኝ። ዛሬ ጠዋት ተነሥቼ በኮረብታው ሄድኩ። ያየኝ ሁሉ ሳቀ። አለቃችን ዘንድ ገብቼ፣ «ያ መሬት ቀይ እንደነበር አጥብቆ ትዝ ይለኛል፣ መንገዱን እንዝጋው» አልኩት። ካርታሽን ዘርግቶ ነጩን በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ። «በዚህ ሥራ የሚኬደው በካርታ ነው፤ በትዝታ መሄድ ከጀመርን አልቆልናል» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ደንብ ለእኔ መጀመሪያ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።

ያንቺን ነገር አላነሣሁም። አትናገር ብለሽኛልና ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ከድንኳኑ ወጣሁ፣ ዝም ብዬም ውሃ ቀጂው ጀሪካኑን ተሸክሞ በቦዩ ጎን ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ጮኼ ጠራሁት፣ ዞር አለ፤ «በኮረብታው ብትሄድ ምናለ» አልኩት። «አንተ ተሸከምልኝና በፈለግህበት እሄዳለሁ» ብሎ እየዘፈነ ወረደ። ራሴን እንዲህ ጠልቼው አላውቅም።

እትዬ፣ ለእኔ ብቻ ከነገርሽኝ የምታተርፊው እኔን ብቻ ነው። እዚህ ስምንት ሰው አለ። እሱ ደግሞ በቀን አራት ጊዜ ይመላለስበታል።

ይህ ደብዳቤ ቅዳሜ ጠዋት እጅሽ ይገባል። ቅዳሜ እስኪመሽ ከሬዲዮው ምንም ካልሰማሁ እኔ እናገራለሁ። ችግሩ እኔ ብናገር ለእህቱ ብሎ ቀባጠረ ወይም ፈራ ይሉኛል፤ አለቃችን የሚያምነው ከቢሮ ሲመጣ ነው። ካንቺ አፍ ሲመጣ።

ስለ መጋዘኑ ማሰብ ተዪ። እለምንሻለሁ።

ታናሽሽ


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ቀጮ፣

ይህን የምጽፍልህ ከሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ነው። ሰኞ መኪና እስኪሄድ ምን እንደተፈጠረ ሳይታወቅ አይቀርም፤ ግን እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም።

ደብዳቤህን ሹፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ ነው የተቀበልኩት። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ባለሙያዋ ዘንድ ሄድኩ፤ ዛሬ ግን በሯን አንኳኳሁ። ፎልደር እንዴት እንደምጥል አሳየኋት። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

የድሮው ሲስተም ቀጥል ስለው አዲሶቹን ቅጾች ከነባሮቹ ጋር ይቀላቅልልኝ ነበር። ይሄኛው ነባሩን ፎልደር ከነሙሉ ዕቃው አውጥቶ ይጥልና የመጣውን በቦታው ያስቀምጣል። ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ እንኳ አያቆየውም። ደግሞ እንዲህ ላደርግ ነው ብሎ በጽሑፍ ነግሮኛል፤ አንድ መስመር ተኩል ነው። አላነበብኩትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስመልሰው የኖርኩት ጥያቄ ነው፤ ጽሑፉ ገና ሳይመጣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው። በሦስት ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀጥል አልኩት። ሦስት ጊዜ በገዛ እጄ ጠራረግሁት። ሥልጠናው ሲጀመር የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ይሄ ነበር አለችኝ። ልትወቅሰኝ አይደለም፤ ስጠይቃት ነው የነገረችኝ።

ወደ ሬዲዮው ክፍል አብራኝ መጣች። ኃላፊው ተጠርቶ ቀድሞን ቆሞ ነበር። ስድስቱም ካምፖች በአንድ ሞገድ እንደሚሰሙ ታውቃለህ። ምን እንዳልኩ አንተም ሰምተሃል፤ አልደግመውም። ከእናንተ ካምፕ «ሰምተናል፣ ጠብቁ» አሉ። መንገዱ ላይ ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። መልስ የለም። እንደገና ጠየቅሁ። ይኸው ሃምሳ ደቂቃ ሆነው።

ባለፈው ቅዳሜ አሥራ አንዱን ቅጽ ስቆጥር አውቄዋለሁ፣ ቀጮ። አላወቅሁም ብዬ ራሴን አሞኘሁ እንጂ ሆዴ ያን ቀን አውቆታል። በቀን አራት ጊዜ ከሆነ እኔ ከዕለቱ ጀምሬ ዝም ባልኩበት ሰባት ቀን ሃያ ስምንት ጊዜ ሄዷል። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያሰላሁት። መጋዘን እንዳልወርድ ሃያ ስምንት ጊዜ ላክሁት።

የሬዲዮ ኦፕሬተሩ በሩን ከፈተ። እየጠራኝ ነው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

እትዬ፣

ሁላችንም በሕይወት አለን። በሬዲዮም ሰምተሻል፤ ግን በእጄ ጽፌ ካላየሽው እንደማታምኚ ስለማውቅ ቀድሜ ጻፍኩት። እጄስ እንዴት ነው ብለሽ በኦፕሬተሩ በኩል ላስጠየቅሽው፣ ቁስል የለውም። ጽሑፌ ግን ከዚህ በላይ አይስተካከልልኝም። አንድ ሳምንት ሥራ አትያዝ ተብያለሁ።

ድምፅሽ ሲመጣ እሱ መሀል መንገድ ላይ ነበር። አለቃችን ፊሽካውን ነፋ፤ ደንቡ ያው ነው፣ የሰማ ሰው ባለበት ይቆማል። ቆመ። የተሞላውን ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ነበር። ላስቀምጠው ወይ ብሎ ጮኸ። አታስቀምጥ አልነው። ክዳኑን ፈታና ውሃውን ቀስ አድርጎ በጀርባው ላይ አፈሰሰው። ባዶውን እቅፍ አድርጎ ቆመ። አልዘፈነም።

እኔ ልግባ አልኩ። ሠላሳ ሜትር ነበር፤ መሬቱን እየፈተሽኩ እሱ ጋ ለመድረስ አራት ሰዓት ፈጀ። ሁለት ፈንጂ አገኘሁ። የመጀመሪያው ከመንገዱ ራቅ ይላል። ስለ ሁለተኛው ላልጽፍልሽ አስቤ ነበር፤ ግን እኛ ሁለታችን ዝምታ ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ሰውዬው ሲመለስ ጀሪካኑን አውርዶ አረፍ የሚልባት ድንጋይ አለች። ሁለተኛው ከድንጋይዋ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ስደርስበት በየቀኑ እግሩን የሚዘረጋበትን ቦታ አሳየኝ። አሳይቶኝ ሲያበቃ ተቀመጠና አለቀሰ።

ተቆጥቼሻለሁ። ልዋሽሽ አልችልም። እናታችን ካለፈች ጀምሮ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ጫማ ማሰር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ግን ተቆጥቼሻለሁ። በራሴም እንደዚያው፤ ሁለት ሙሉ ቀን ተኩል ዝም ብያለሁ። ቁጣው ይበርድ ይሆናል። ሲበርድ እጽፍልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። አለቃችን ማታ ሰብስቦን፣ «ከእንግዲህ የዚያችን ሴትዮ ካርታ አልይዝም፣ ሌላ ሰው ይሥራልን» አለ። ማንም አልተቃወመም፤ እኔም አልተቃወምኩም። ውሃ ቀጂው ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር። «እኔ ግን የሷ ይምጣልኝ» አለ። «ተሳስቻለሁ፣ አትርገጡ ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። ሌላው ሲሳሳት ይነግረኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» አለቃችን እሺ አለ።

ስለዚህ ካርታውን አንቺ ሠርተሽ ላኪ።

ታናሽሽ


ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ወንድሜ፣

ቁጣህ እስኪበርድ አታስቸኩለው። ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ አልጽፍልህም፤ ሲመጣ ይምጣ።

ስለ ሥራዬ በሬዲዮ ለጠየቅኸው፣ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል። ካርታዎቹ እስኪስተካከሉ እቆያለሁ፤ ከዚያ ይታያል ተብሏል። መጋዘኑንም ሄጄ አየሁት። ያን ያህል ስሸሸው የነበረው ክፍል ደህና ቦታ ነው። የቦት ጫማ ቁጥር ቢሳሳት የሚሞት ሰው የለም።

ሥልጠናውን ጠዋት ጠዋት እየወሰድኩ ነው፣ ከጀማሪዎቹ ጋር። ማሽኑ የሚጠይቀኝን ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ይስቁብኛል። ማንበቤን ስጨርስም ቶሎ አልጫንም፤ እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እቆያለሁ። ጣቴ አሁንም ቀድሞኝ ሊሄድ ይፈልጋል። ፈራሁት፣ ቀጮ። የገዛ እጄን ፈራሁት።

ቅጾቹን በተመለከተ፣ ሲስተሙ ከመቀየሩ በፊት የነበሩት በሙሉ ተገኝተዋል፤ ባለሙያዋ በሌላ ዲስክ ገልብጣ አስቀምጣቸው ነበር። የቦዩ ጎን ቀይ ሆኖ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ የላካችኋቸውን ደግሞ ከማስታወሻ ደብተሮቻችሁ ላይ እንደገና ጽፈናቸዋል። አንድ ቅጽ ግን ቀረ። ጡብ ሠሪው ሽማግሌ ከወር በፊት ቢሮ መጥቶ፣ ሌላም ቦታ ትዝ አለኝ ብሎ አዲስ ቃል ሰጥቶኝ ነበር። በወረቀት አልያዝኩትም፤ እሱ እየነገረኝ በቀጥታ ማሽኑ ላይ ነው የጻፍኩት። ሰውዬው ልጁ ዘንድ ሄዷል አሉ፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘንም። ከጡብ ምድጃው በስተጀርባ ያለኝ ይመስለኛል። በጎኑም ይሆናል። ስንት እርምጃ እንዳለኝ አላስታውስም። በትዝታ ደግሞ አይሣልም።

ካርታውን ስትዘረጋው ደስ አይልህም፤ አስቀያሚ ነው። ነጭ የሚባል ቀለም የለበትም። የተቀበረበት ወይም የተጠረጠረው ቀይ ነው፣ በመሣሪያ ተፈትሾ የጸዳው አረንጓዴ ነው፣ የማላውቀውን ሁሉ ግራጫ ቀብቼዋለሁ። ይበዛል፣ አውቃለሁ። ድንኳናችሁን የተከላችሁበት መሬት ግማሹ ግራጫ ነው፤ ማን ፈትሾት እንደነበር የሚያሳይ ቅጽ አላገኘሁም። አንተ የምትተኛበት በየትኛው በኩል እንደሆነ አላውቅም።

ይህ ወረቀት የሚደርስህ ረቡዕ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ግን በሬዲዮ ነግሬአችኋለሁ፣ ኃላፊውም ስድስቱም ካምፕ እየሰሙ። ድንኳኑን አንሡ። ከእንግዲህ የቱ ጋ እንደምትረግጥ ከተጠራጠርክ በደብዳቤ አትጠይቀኝ። በሬዲዮ ጠይቀኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። የማላውቀውም ከሆነ አላውቅም እልሃለሁ።

እህትህ